መምህርን የሚያጎብጠው ሸክሙ ነው ወይስ ጠባዩ?

ሁለት መምህራን አንድ ዓይነት ክፍል ተሰጣቸው እንበል። ያው የተማሪ ብዛት፣ ያው መጽሐፍ፣ ያው ክፍለ ጊዜ። ዓመቱ ሲያልቅ አንዷ ደክሟትም ቢሆን ሥራዋን ወዳ ትቀጥላለች፤ ሌላው ግን እሑድ ማታ ሰኞን እያሰበ እንቅልፍ ያጣል። ልዩነቱ ከየት መጣ? ተመራማሪዎች ይህን በቅጡ መጠየቅ የጀመሩት ከሃምሳ ዓመት ገደማ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ግን ቃሉ መገኘት ነበረበት። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቃሉ «ስትረስ» ነው፤ ከእኛ ከመሐንዲሶች ሰፈር የተወሰደ። በምህንድስና ስትረስ ማለት አንድ ብረት ላይ ያረፈው ኃይል፣ ላረፈበት ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ነው። በዚህ የተነሳ ብረቱ የሚለጠጥበት መጠን ሌላ ስም አለው፤ «ስትሬን» ይባላል። እኩል ስትረስ ያረፈባቸው ብረትና ላስቲክ እኩል አይለጠጡም። እዚህ ላይ የቁሱ ባሕርይ ይገባል ማለት ነው።

በ1936 ሞንትሪያል ይሠራ የነበረው ሃንስ ስልዬ «ኔቸር» መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። አይጦችን ለብርድ፣ ለቁስል፣ ከአቅም በላይ ለሆነ እንቅስቃሴ ቢያጋልጣቸው የሰውነታቸው ምላሽ ተመሳሳይ ሆኖ አገኘው፤ ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ ያብጣል፣ ጨጓራም ይቆስላል። ይህን የሰውነት ምላሽ በኋላ ላይ «ስትረስ» አለው። ምላሽ ከሆነ እኮ ትክክለኛው ቃል «ስትሬን» ነበር! ስልዬ ራሱም እንግሊዝኛው የተሻለ ቢሆን ኖሮ ያንን ይመርጥ እንደነበር ተናግሯል። ለምክንያቱ ሌላ ቃል፣ «ስትረሰር» የሚል፣ መፍጠር ግድ ሆነበት።

አማርኛ በዚህ አልተቸገረም። ከላይ የሚጫነው ጫና ነው፤ ውስጥ የሚሰማው ጭንቀት። እንደ ከበሮ ቆዳ መወጠርን ለመግለጽ ደግሞ ውጥረት አለን። እነዚህን ሦስቱን ሳይለዩ ስለ መምህራን መነጋገር ወደ ክስ ይወስዳል፦ «እሱ ድሮም ጭንቀታም ነው»።

ጠባይ ወደ ጨዋታው የገባው በ1966 በጁሊያን ሮተር በኩል ነው። ሮተር ሰዎች የሚደርስባቸውን ነገር ከራሳቸው ጥረት ወይስ ከዕድልና ከሌሎች ኃይል እንደሚቆጥሩት የሚለካ መጠይቅ አዘጋጀ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1976፣ ራንድ የተባለው የጥናት ድርጅት ሎስ አንጀለስ ውስጥ የንባብ ትምህርትን ሲያጠና ከዚሁ ሐሳብ የተወሰዱ ሁለት ጥያቄዎችን ለመምህራን አቀረበ። አንዱ «ተማሪውን የሚወስነው ቤቱ ነው፣ መምህር ምን ያደርጋል» የሚል መንፈስ ያለው ነው። ሌላው ደግሞ «ከጣርኩ አስቸጋሪውንም ተማሪ አገኘዋለሁ» የሚል ዓይነት ነበር። እንደሚችሉ ያመኑት መምህራን ተማሪዎች በንባብ የበለጠ መሻሻል አሳዩ። ሁለት ጥያቄ ብቻ! መለኪያ ሲሠራ ለሚውል ሰው ይህ ያስቀናል።

በዓመቱ አልበርት ባንዱራ ነገሩን ከጠባይ አላቀቀው። በ1977 ባወጣው ጽሑፍ፣ «ይህን ሥራ እችለዋለሁ» የሚለው እምነት አብሮን የሚወለድ ሳይሆን የሚገነባ ነው አለ። ዋናው መገንቢያው ሠርቶ ማሳካት ነው፤ ሌሎች ሲያሳኩ ማየትና የሰው ማበረታቻም ያግዛሉ። አራተኛው ምንጭ ግን ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል፤ የገዛ ሰውነታችን ምልክት። መምህሩ ክፍል ሲገባ ልቡ ይመታል፤ ያንን «አልችልም ማለት ነው» ብሎ ይተረጉመዋል፤ በራስ መተማመኑ ይወርዳል፤ ነገ ልቡ ይበልጥ ይመታል። ማይክሮፎን ድምፅ ማጉያው ፊት ሲቀመጥ የሚጮኸው በዚሁ መንገድ ነው። የወጣው ድምፅ ተመልሶ ይገባል፣ ይጎላል፣ እንደገና ይወጣል። ጩኸቱን ለማቆም ማይክሮፎኑን መቀየር የግድ አይደለም፤ ከድምፅ ማጉያው ራቅ ማድረግም ይበቃል።

በዚያው ሰሞን እንግሊዝ ውስጥ ክሪስ ኪሪያኩ እና ጆን ሰትክሊፍ የ16 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን 257 መምህራን ጠየቁ። በ1978 ባወጡት ውጤት ከአምስቱ አንድ ያህሉ መምህርነት በጣም ወይም እጅግ በጣም እንደሚያስጨንቀው ተናግሯል። በ1979 ደግሞ ነገሮች ከእጃቸው ውጭ እንደሆኑ የሚያምኑ መምህራን የበለጠ እንደሚጨነቁ አሳዩ። እዚህ ላይ ቆመን ብንቀር ጥፋተኛው መምህሩ ይመስል ነበር። ነገር ግን የ1978ቱ ጥናት የጭንቀቱን ምንጮች ሲመድብ ያገኘው የተማሪዎችን ረብሻ፣ መጥፎ የሥራ ሁኔታን፣ የጊዜ እጥረትንና የትምህርት ቤቱን የተበላሸ መንፈስ ነው። አራቱም የጫና ወገን ናቸው።

ጠባይስ ታዲያ? ድርሻ አለው፤ ብረትና ላስቲክ እኩል አይለጠጡም ብለናል። ሰው ግን ከብረት የሚለየው ባሕርዩ በጫናው ሂደት ራሱ መቀየሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ አኒታ ዉልፎክ ሆይ እና ባልደረባዋ ጀማሪ መምህራንን ከሥልጠናቸው ጀምረው ተከታትለው ነበር። ውጤቱ በ2005 ታተመ። «እችላለሁ» የሚለው እምነታቸው በሥልጠናው ጊዜ ጨመረ፤ ክፍሉን ለብቻቸው በተረከቡበት የመጀመሪያ ዓመት ወረደ። ለውጡም በዚያ ዓመት ካገኙት ድጋፍ መጠን ጋር የተያያዘ ነበር።