የቤት ዋጋ በቱላ

ቱላ ከሐዋሳ መሐል ወደ ደቡብ፣ ወደ ዲላና ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የከተማዋ ዳርቻ ናት። ሐዌላ ቱላ በሚል መጠሪያ ከሐዋሳ ክፍለ ከተሞች አንዱ ብትሆንም፣ አብዛኛው መሬቷ እስከ ቅርብ ጊዜ የእንሰት፣ የበቆሎ፣ የቡናና የጫት ማሳ ነበር። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በሐዋሳ ከተማ አስተዳደር ከተመዘገቡት 258,808 ሰዎች የከተማ ነዋሪ የነበሩት 157,139 ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ከመቶ ሺህ በላይ ሰዎች በአስተዳደሩ ሥር ባሉት የገጠር ቀበሌዎች ይኖሩ ነበር። የቤት ዋጋ ነገር በቱላ ከሌላው የሐዋሳ ሰፈር የሚለየውም በዚህ ነው። እዚህ በካሬ ሜትር የሚያስበው ከተሜና በጥማድ የሚያስበው ገበሬ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ።

ሐዋሳ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቆረቆረችው ሐይቁን ተጠግታ ነው። ዛሬም የምትሰፋበትን አቅጣጫ የሚወስነው ያው አቀማመጥ ነው። በምዕራብ ሐይቁ አለ፤ በምሥራቅ የጨለለቃ ረግረግ፤ በሰሜን ጥቁር ውሃን ሲሻገሩ ብዙም ሳይርቅ የኦሮሚያ ክልል ይጀምራል። ሰፋ ያለ መሬት የሚገኘው በደቡብ በኩል፣ ከአላሙራ ተራራ ባሻገር ነው። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅም ሆነ፣ ከኅዳር 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ በኋላ ሐዋሳ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ስትሆን፣ ከተማዋ የምትሰፋበት ሜዳ በዋናነት ይኸው ነበር። ይሁንና የቱላን ዋጋ በመሬት ጥበት ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ማሳው ሞልቷል። የጠበበው ማሳው የቤት መሥሪያ ቦታ የሚሆንበት በር ነው።

የበሩ ታሪክ ከ1967 ዓ.ም. ይጀምራል። በዚያ ዓመት አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት፣ አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወደ ሕዝብና መንግሥት አዞሩ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ደነገገ። በከተማ ሊዝ የገባው በአዋጅ 80/1986 ሲሆን፣ በአዋጅ 721/2004 መሠረት ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ፣ ለመኖሪያ እስከ 99 ዓመት ይሰጣል። የገበሬው ይዞታ ወደዚህ ሥርዓት የሚገባው መንግሥት አስለቅቆ ካሳ ሲከፍል ነው፤ ካሳው ደግሞ የሚሰላው ማሳው በሚያበቅለው እንጂ ቦታው በገበያ በሚያወጣው አይደለም። በአዋጅ 455/1997 የልማት ካሳው የአምስት ዓመት አማካይ ገቢ አሥር እጥፍ ነበር፤ አዋጅ 1161/2011 ካለፉት ሦስት ዓመታት የከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ አድርጎታል። ለውጡ ቀላል አይደለም፤ ግን አሁንም የሚቆጥረው ቆጮውንና በቆሎውን ነው። ያው መሬት በሊዝ ጨረታ ሲወጣ ዋጋው ሌላ ነው። ልዩነቱን ገበሬው አሳምሮ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ቀያሽ ሳይመጣ ራሱ ሸንሽኖ ይሸጣል። በቱላ የቤትን ዋጋ ከምንም በላይ የሚወስነው ይህ በካሳና በገበያ መካከል ያለው ክፍተት ነው።

ክፍተቱ በዓይን ይታያል። 150 ካሬ የሆኑ ሁለት ጎን ለጎን ቦታዎችን እንውሰድ። አንዱ ካርታ አለው። ባለቤቱ ብሎኬት ይደረድራል፣ ቆጣሪ ያስገባል፣ ባንክም ያስይዘዋል። የሌላው ባለቤት በእጁ ያለው ምስክሮች የፈረሙበት፣ ሻጩ አውራ ጣቱን ያሳረፈበት አንድ ወረቀት ነው። መሬት መሸጥ ስለማይቻል ውሉ ውስጥ «ሽያጭ» የሚል ቃል አይገባም፤ «ስጦታ» ወይም «ብድር» ነው የሚለው። ቤቱ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ነው፤ ባለቤቱ የተሻለ መሥራት አቅቶት ብቻ ሳይሆን፣ ነገ ቢፈርስ ኪሳራው እንዲቀንስ ብሎ ጭምር። መብራቱ ከጎረቤት ቆጣሪ በሽቦ ተስቦ ይመጣል። ደላላ ስለ ክፍሎቹ ብዛት ከማውራቱ በፊት ስለ ካርታው የሚያወራው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለተኛው ቦታ ርካሽ ነው፤ ርካሽ ያደረገው ግን ስጋቱ ነው። ቱላ ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪ «ትቀመሳለች» ሲባል መታወስ ያለበት ይህ ነው። ሰውየው የተቀነሰለትን ገንዘብ በሥጋት እየከፈለ ነው።

ዋጋውን ያናረው የኢንዱስትሪ ፓርኩ ነው የሚሉ አሉ። ፓርኩ ለ60 ሺህ ያህል ሠራተኛ ታስቦ ሲሠራ የመኖሪያ ቤቱ ጉዳይ በበቂ አልታሰበበትም፤ ሠራተኞቹ፣ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች፣ አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው ኖረዋል። ይህ የክፍል ኪራይን እንደሚገፋ አያከራክርም። ነገር ግን በዚያ ደመወዝ ቦታ የሚገዛ የለም። ፈላጊ መብዛቱ ዋጋ ለምን እንደተነሳ ይናገራል፤ ለፈላጊው የቀረበለት ለምን ካርታ የሌለው የጭቃ ቤት እንደሆነ ግን አይናገርም።

የሲሚንቶና የብረት መወደድን የሚያነሱትም እውነት አላቸው፤ በተለይ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ። ግን ሲሚንቶው ለሁለቱም ጎረቤታሞች አንድ ዋጋ ነው፤ የቦታቸው ዋጋ አንድ አይደለም። ከሁሉ የሚጠነክረው ሦስተኛው ክርክር ነው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን የባንክ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነበር። ገንዘቡን ባንክ ያስቀመጠ ከሠረ፤ ቦታ የያዘ ተረፈ። ይህ መላ አገሪቱን የነካ ነው፣ ቱላንም። ሆኖም በጥድፊያ ወደ መሬት የሮጠው ገንዘብ ያገኘው ያንኑ ጠባብ በር ነው፤ በሩ ሰፊ ቢሆን ኖሮ ከዋጋው ይልቅ የቤቱ ቁጥር በጨመረ። ደላላን መውቀስ ደግሞ ይቀላል፤ ደላላ ክፍተቱን ይኖርበታል እንጂ አልፈጠረውም።

የኪራይ ቁጥጥሩ አዋጅ 1320/2016 ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆንና ጭማሪው መንግሥት በሚያወጣው ልክ እንዲወሰን ይላል። ዓላማው ተከራይን መጠበቅ ነው። ነገር ግን ውል መመዝገብን ይጠይቃል፤ የጓሮ ሰርቪስ የሚያከራይ፣ ራሱ በይዞታው የሚሰጋ ባለቤት፣ ወደ መዝገብ ቤት ለመሄድ የሚያነሳሳው ነገር የለም።

ታዲያ ክፍተቱን ለማጥበብ ካሳው ወደ ገበያው ዋጋ ይጠጋ ሲባል አንድ ጠንካራ መልስ ይመጣል፦ ገበሬው ገንዘቡን ተቀብሎ ጨርሶ መሬት አልባ ይሆናል። እንሰት ለመድረስ ዓመታት የሚፈልግ፣ ቤተሰብ የሚመግብ ተክል ነው፤ አንዴ ከተነቀለ በገንዘብ አይተካም። ሥጋቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ገበሬው አሁንም መሬት እያጣ ነው፤ በድብቅ ሸንሽኖ፣ በ«ብድር» ወረቀት፣ ያለ ድጋፍና ያለ መተኪያ ቦታ። ከራሱ ይዞታ ተሸንሽኖ ካርታ የወጣለት ድርሻ ቢቀርለት ለልጆቹ ቤት፣ ለራሱም የኪራይ ገቢ ይሆነዋል፤ ማዘጋጃ ቤቱም መንገዱንና የውሃ መስመሩን ቀድሞ ያስይዛል። አሁን የሚሆነው ግን ሰፈሩ ቀድሞ ይሠራል፣ መንገዱ በኋላ ይመጣል፤ ለመንገዱም ቤት ይፈርሳል። ካሳ በሰብል እስከተሰላ ድረስ በቱላ የጓሮ ሽያጩ አይቆምም።