የተሠሩ የኖራ ድንጋይ ምርቶች የጉምሩክ ታሪፍ አመዳደብ

የኖራ ድንጋይ በጉምሩክ ታሪፍ መጽሐፍ ውስጥ የሚገኘው በአንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ከካባ እንደወጣ በምዕራፍ 25፣ ተጠርቦና ተወልውሎ ሲቀርብ በምዕራፍ 68፣ በቀራጺ እጅ ወጥ የጥበብ ሥራ ሲሆን ደግሞ በምዕራፍ 97 ይመደባል። በጥሬ ዕቃና በተጠናቀቀ ምርት ላይ የሚጣለው የቀረጥ ልክ በአብዛኛው የተለያየ ስለሆነ ምዕራፉን መሳት ቀላል የቁጥር ስህተት ተደርጎ ሊታይ አይገባም። የቀረጥና የታክስ ልዩነት ክፍያን፣ እንደ ሁኔታው ቅጣትን፣ እንዲሁም ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ዕቃው በመጋዘን ለሚቆይበት ጊዜ የሚከፈል ወጪን ሊያስከትል ይችላል።

የአገራችን ታሪፍ የተዘጋጀው በዓለም የጉምሩክ ድርጅት ሐርሞናይዝድ ሲስተም (ኤችኤስ) መሠረት ነው። የመጀመሪያዎቹ 6 አኃዞች ሥርዓቱን በሚከተሉ አገሮች ሁሉ የጋራ ሲሆኑ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን እያንዳንዱ አገር ለራሱ ይጨምራል። በኢትዮጵያ ሙሉው ቁጥር 8 አኃዝ አለው። በዚህም ምክንያት የውጭ አገር ሻጭ በኢንቮይስ ላይ የጻፈውን ቁጥር እንዳለ ወደ ዲክላራሲዮን መገልበጥ አይመከርም። የጋራዎቹ 6 አኃዞችም ቢሆኑ ሻጩ በትክክል ስለመመደቡ ማረጋገጫ አይሆኑም፤ ለዲክላራሲዮኑ ትክክለኛነት የሚጠየቀው አቅራቢው ነው።

በአመዳደቡ ላይ ወሳኙ ጥያቄ «ድንጋዩ ምን ይባላል?» ከሚለው ይልቅ «ምን ተሠርቶበታል?» የሚለው ነው። ለሐውልት ወይም ለግንባታ የሚውል የኖራ ድንጋይ ጥሬውን የሆነ፣ በግርድፉ የተስተካከለ፣ ወይም በመጋዝም ሆነ በሌላ መንገድ አራት ማዕዘን ቅርጽ ባለው ብሎክ ወይም ጠፍጣፋ ብቻ የተቆረጠ እንደሆነ ከምዕራፍ 25 አይወጣም። በዚህ ምዕራፍ ውስጥ ቀጥሎ የሚታየው የድንጋዩ ክብደት ነው። አንጻራዊ እፍግታው 2.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በታሪፍ ቁጥር 25.15፣ ከ2.5 በታች ከሆነ ደግሞ በ25.16 ይመደባል። በቀላል አነጋገር፣ እያንዳንዱ ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኩብ 2.5 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ከመዘነ ከባዱ ዓይነት ነው። የአቅራቢው የቴክኒክ መግለጫ ይህን አኃዝ ካልያዘ ዕቃው ከመጫኑ በፊት መጠየቅ ይገባል፤ ዕቃው ጣቢያ ከደረሰ በኋላ ናሙና ማስመርመር ጊዜ ይወስዳል።

ከዚህ የሥራ ደረጃ ያለፈ ማንኛውም ሥራ ድንጋዩን ወደ ምዕራፍ 68፣ በተለይም ወደ ታሪፍ ቁጥር 68.02 ያሸጋግረዋል። ገጹ የተወለወለ ወይም በአሸዋ የለሰለሰ፣ በመዶሻና በመሮ ተወቅሮ መልክ የተሰጠው፣ ጠርዙ በሰያፍ የተገረደ፣ የተቀረጸ ወይም ያጌጠ ድንጋይ ሁሉ በዚህ ይጠቃለላል። ምሳሌ እንውሰድ። 60 በ30 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በመጋዝ ብቻ የተቆረጠ ጠፍጣፋ በምዕራፍ 25 ይቆያል። ይኸው ጠፍጣፋ አንድ ገጹ ብቻ ቢወለወል፣ ቀሪው አምስት ገጽ እንደተቆረጠ ቢሆንም እንኳ፣ በ68.02 ይመደባል። በመጋዝ ብቻ የተቆረጠም ቢሆን ቅርጹ ሦስት ማዕዘን፣ ስድስት ማዕዘን ወይም ክብ ከሆነ ምዕራፍ 25 አያስተናግደውም፤ ገጹ ጠፍጣፋ ሆኖ ሌላ ሥራ ካልተሠራበት ንዑስ ቁጥሩ 6802.29 ይሆናል። የተወለወለው ወይም የተቀረጸው የኖራ ድንጋይ በ6802.92 ሲመደብ፣ እብነ በረድ፣ ትራቨርቲንና አላባስተር ግን በ6802.91 ይገባሉ።

ብዙ ግራ መጋባት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። በገበያ ውስጥ ሲወለወል የሚያብረቀርቅ የኖራ ድንጋይ ሁሉ «እብነ በረድ» ይባላል። ለሽያጭ ይመች ይሆናል፤ ለዲክላራሲዮን ግን አይበቃም። የድንጋዩን ዓይነት የሚያሳይ የአምራች ወይም የላቦራቶሪ ማስረጃ ማያያዝ ክርክሩን ያሳጥረዋል። በነገራችን ላይ፣ ቀደም ሲል ለኖራ ድንጋይ ያገለግል የነበረው 6802.22 ከ2007 እ.ኤ.አ. የኤችኤስ ማሻሻያ ጀምሮ ተሰርዟል። በቆየ ሰነድ ላይ ካገኙት እንዳይጠቀሙበት።

አንዳንድ ምርቶች የራሳቸው ቦታ አላቸው። ለመንገድ ንጣፍ የተዘጋጀ ኮብልስቶን፣ የመንገድ ጠርዝ ድንጋይና የእግረኛ መንገድ ንጣፍ ከተፈጥሮ ድንጋይ የተሠሩ እስከሆኑ ድረስ በ68.01 ይመደባሉ። ሰፊው ገጻቸው ጎኑ ከ7 ሳንቲ ሜትር በሚያንስ ካሬ ውስጥ ሊካተት የሚችል የሞዛይክ ቁርጥራጮች በወረቀት ወይም በመረብ ላይ ተለጥፈው ቢመጡም 6802.10 ናቸው። የድንጋይ ፍርፋሪ በሲሚንቶ ወይም በሬንጅ መሰል ሙጫ ተጣብቆ የተሠራ ንጣፍ ግን፣ መልኩ ምንም ያህል ቢመሳሰል፣ ሰው ሠራሽ ድንጋይ በመሆኑ በ68.10 ይታያል። የጠረጴዛ ገጽ እንዲሆን የተቆረጠ ድንጋይም ለብቻው ከመጣ የቤት ዕቃ ክፍል ተብሎ በምዕራፍ 94 አይመደብም።

ላልተሠራው ድንጋይ አመዳደቡ ቀላል ነው። በሙገርና በመሰቦ ፋብሪካዎች እንደሚደረገው ለሲሚንቶ ወይም ለኖራ ማምረቻ የሚውለው በ25.21፣ ለኮንክሪትና ለመንገድ ሥራ የተፈጨው ጠጠር በ25.17፣ ተቃጥሎ ኖራ የሆነው በ25.22 ይመደባል።

ወደ ውጭ ለሚላኩ ቅርጻ ቅርጾች ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በእጅ ቢሠሩም በብዛት ለንግድ የሚመረቱ የአበባ ማስቀመጫዎች፣ መስቀሎችና ጌጦች በ68.02 ሲመደቡ፣ የአንድ ቀራጺ ወጥ ሥራ የሆነ ሐውልት በ97.03 ይመደባል። ከ2022 እ.ኤ.አ. እትም ወዲህ ዕድሜው ከ100 ዓመት በላይ የሆነ ሐውልት በ9703.10 ተለይቶ ይመዘገባል። ይሁን እንጂ ትክክለኛ የታሪፍ ቁጥር መያዝ ዕቃውን ለማውጣት ፈቃድ አይሆንም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ስለሚከለክል፣ ጥንታዊነት የሚጠረጠርበት ማንኛውም የድንጋይ ሥራ አስቀድሞ ለቅርስ ባለሥልጣን መቅረብ አለበት።

ዲክላራሲዮን ከመቅረቡ በፊት በኢንቮይሱ ላይ ያለው የዕቃ መግለጫ ቢያንስ የድንጋዩን ዓይነት፣ ልኬቱን፣ ውፍረቱን፣ በእያንዳንዱ ገጽና ጠርዝ ላይ የተሠራውን ሥራ እንዲሁም የታሰበለትን አገልግሎት መያዙን ያረጋግጡ። «የግንባታ ድንጋይ» የሚል ጥቅል መግለጫ ዕቃው በአካል እንዲፈተሽ በር ይከፍታል። ጥርጣሬ ካለ ዕቃው ከመግዛቱ በፊት ለጉምሩክ ኮሚሽን የቅድሚያ ውሳኔ ጥያቄ በጽሑፍ ማቅረብ ይቻላል፤ ከማመልከቻው ጋር የቴክኒክ መግለጫ፣ ፎቶግራፍና የሚቻል ከሆነ ናሙና ይያያዛል። ናሙናው ከሚገዛው ዕቃ ጋር በአሠራር ደረጃው አንድ መሆን ይኖርበታል፤ ባልተወለወለ ናሙና የተሰጠ ውሳኔ ለተወለወለ ዕቃ አያገለግልም።