የጥርስ ጉርሻ

በትንሽ ሚሊንግ ማሽን ብረት መሥራት የሚለማመድ ሰው ሁለት ቁጥሮችን ቀድሞ ያውቃል፤ መቁረጫው በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞርና ጠረጴዛው በደቂቃ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚጓዝ። የመቁረጫውን ዕድሜ በብዙ የሚወስነው ግን ከሁለቱ የሚወጣው ሦስተኛ ቁጥር ነው። በእንግሊዝኛ «ፊድ ፐር ቱዝ» ይባላል፤ እያንዳንዱ ጥርስ ተራው ደርሶ ብረቱን እስኪነክስ ድረስ ጠረጴዛው የሚያቀርብለት መጠን ማለት ነው። በአማርኛ «የጥርስ ጉርሻ» ብንለው ይስማማዋል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የጠረጴዛው ጉዞ በዙሩና በጥርሶቹ ብዛት ይካፈላል። ባለ 2 ጥርስ መቁረጫ በደቂቃ 1000 ዙር ሲዞር ጠረጴዛው 40 ሚሊ ሜትር ከተጓዘ ጉርሻው 0.02 ሚሊ ሜትር ነው።

ጀማሪ ማሽኑ እንዳይጎዳበት ስለሚሰጋ የጠረጴዛውን መዘውር በጣም በዝግታ ያዞራል። ጥንቃቄ ይመስላል፤ ብዙ መቁረጫ የሚያልቀው ግን በዚሁ ነው። የትኛውም ስለት ጫፉ ፍጹም ሹል አይደለም፤ በማይክሮን የሚለካ ድቡልቡል ጠርዝ አለው። ጉርሻው ከዚያ በጣም ሲያንስ ጥርሱ መቁረጡን ትቶ ብረቱን ያሻል። በደንብ ሲቆረጥ አብዛኛውን ሙቀት ይዞ የሚወጣው ፍቅፋቂው ነው፤ ፍቅፋቂ ካልወጣ ሙቀቱ እዚያው ቀርቶ ስለቱን ያዶለዱመዋል። እንደ 304 ያለው የማይዝግ ብረትማ ሲታሽ ገጹ ይጠነክራል፤ ቀጣዩ ጥርስ የሚጠብቀው የባሰ ብረት ነው። ጉርሻው ሲበዛ መቁረጫው ወዲያው ስለሚሰበር ሰው ምክንያቱን አያጣውም። የማነሱ ጉዳት ግን ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ጥፋቱ በዕቃው ጥራት ይላከካል።

ትንሽ ማሽን ስለሚንቀጠቀጥ ጉርሻውን መቀነስ ግድ ነው የሚሉ አሉ። መንቀጥቀጡ እውነት ነው፤ ነገር ግን በማሽኑ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከቆረጣው ጥልቀትና ስፋትም ይመጣል። መቀነስ ያለበት መጀመሪያ ጥልቀቱ ነው፤ ጉርሻው ባለበት ይቆይ። መዘውሩን በእጅ ለሚያዞር ሰው ይህ ሁሉ ስሌት ምን ይሠራል የሚለው ጥያቄም መልስ አለው። አንድ ዙር ጠረጴዛውን 2 ሚሊ ሜትር የሚወስድ ከሆነ፣ ከላይ ያለው 40 ሚሊ ሜትር በደቂቃ 20 ዙር ይሆናል፤ በየ3 ሴኮንዱ አንድ ዙር፣ እጅ የሚለምደው ምት ነው።

በ«ጉርሻ» ፈንታ «ድርሻ» ቢባል ለቴክኒክ መጽሐፍ ይበልጥ አይመጥንም ወይ? ድርሻ ቢያንስም ድርሻ ነው፤ ጉርሻ ግን አፍ ካልሞላ ጉርሻ አይባልም፣ ከበዛም ያንቃል። ቃሉ ሁለቱንም ወሰን ይዞ ስለሚመጣ እሱን እመርጣለሁ። አንድ ጥንቃቄ ግን ያሻዋል፤ ጉርሻው ሁልጊዜ የፍቅፋቂው ውፍረት አይደለም። መቁረጫው ከዲያሜትሩ አንድ አሥረኛውን ብቻ በጎኑ ሲቆርጥ፣ የ0.02 ጉርሻ ቢበዛ 0.012 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ፍቅፋቂ ይሰጣል። እዚያ ላይ ሙሉ 0.02 የሚወፍር ፍቅፋቂ ለማግኘት ጉርሻውን ወደ 0.033 ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል።