ጠቢቡ እንዴት ጠይብ ሆነ?

እናቴ ደምበጫ ላይ ያሠራችው ቤት የመጀመሪያውን ክረምት በደኅና አልተሻገረም። ጣሪያው አልወደቀም፤ ግድግዳው ግን በሐምሌ ዝናብ ከማዕዘኑ ተሰንጥቆ እጅ የሚያስገባ ክፍተት አወጣ። መቃኑ ጠመመና በሩም አልዘጋ አለ። አናጢውን ብንፈልገው ሒሳቡን ተቀብሎ ወደ ሌላ ሥራ ሄዷል። እናቴ "ይህ ሌባ!" አለች። እኔም አብሬ ተሳደብሁ።

አጎቴ ግን ግድግዳውን በጣቱ ጫር ጫር አድርጎ ሳቀብን። "እርጥብ ባሕር ዛፍ ከነልጡ አስቁማችሁ፣ ጭቃውን በሦስት ቀን አስለጥፋችሁ፣ ምን ይሁን ብላችሁ ነው?"

እውነቱን ነው። እንጨት ተልጦና ደርቆ ነው የሚቆም፤ አለዚያ ግድግዳ ውስጥ ሆኖ ሲደርቅ ይጣመማል፤ በልጡ ሥርም ምስጥ ይገባል። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ መሰንበት አለበት፤ ምርጉ ሳይደርቅ ልስን ከተደረበ መሰንጠቁ አይቀርም። እኛ ግን "ከሰኔ በፊት ጨርስ" ብለን አጣደፍነው። በቁርጥ ከጠየቀው ዋጋም ሲሶውን አስቀነስነው። ውል የሚባል ነገር አልጻፍንም።

ድሮ ገበሬው ቤቱን በደቦ ነበር የሚሠራው። ዛሬ የእኔን ቤት ማገር የሚመታው ጎረቤት ነገ የእሱን ቤት እኔ እሠራለታለሁ፤ ስለዚህ ማንም በማንም ላይ አያሾፍም። ችግሩ የተለየ ሙያ ሲያስፈልግ ነው። በ1870ዎቹ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በዚሁ በጎጃም፣ በተምጫ ወንዝ ላይ ድልድይ ሲያሠሩ ሥራውን የመሩት ኮንት አውጉስቶ ሳሊምቤኒ የሚባሉ ኢጣሊያዊ ነበሩ። የባሕር ማዶውን ባለሙያ እንዲህ የተቀበለ አገር የራሱን ብረት ሠሪ ግን "ቡዳ ነው" ብሎ ይሸሸው ነበር።

ልብ በሉ፤ "ጠይብ" የምንለው ስድብ "ጠቢብ" ከሚለው የግዕዝ ቃል የመጣ ነው። ጥበቡን ስድብ አደረግነው ማለት ነው! ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሙያተኛን የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ተነገረ፤ ንቀቱ ግን ከቤታችን አልወጣም። "ልጄ አናጢ ይሁንልኝ" ብሎ የሚመርቅ አባት ስንቱ ነው?

የሚያውቅም ሰው ግን ቢበድል መጠየቅ አለበት። ከ3,700 ዓመት በፊት የባቢሎኑ ሐሙራቢ፣ ቤቱ ተደርምሶ ባለቤቱን ከገደለ ግንበኛው ይሙት፤ ግድግዳው ቢዘም ደግሞ በራሱ ገንዘብ ያጠናክር ብሎ ደንግጎ ነበር። የእኛ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲህ አይጨክንም፤ ግን በቁጥር 3039 ተቋራጩን ሥራውን ካስረከበበት ጊዜ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ያደርገዋል። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ስምምነትም ዋጋ የለውም። ታዲያ በቃል ብቻ የተስማማ ሰው ማን ምን ለመሥራት እንደተዋዋለ፣ መቼ እንዳስረከበ በምን ያስረዳል?

አናጢውን በጥቅምት አገኘነው። ስንጥቁን አይቶ አንገቱን ደፋ። "እማማ፣ እንጨቱ እርጥብ ነው ብዬዎት ነበር እኮ" አለ ቀስ ብሎ። እናቴ ዝም አለች፤ ብሎ ነበርና። "ካወቅህ ለምን ሠራህ?" አልሁት። "እኔ ብተወው ሌላው በዚያው ዋጋ ይሠራዋል፤ ልጆቼስ?" አለኝ። መልሱ ከበደለኛነት አያድነውም፤ እኛንም ግን አላዳነንም።

ይህን ጊዜ ወረቀት ጻፍን። ሁለት ምስክር ፈረመ። እንጨቱ የተላጠና የደረቀ እንዲሆን፣ ጭቃው እንዲሰነብት፣ ክፍያው በሦስት ጊዜ እንዲሆን፣ የመጨረሻው ክረምት ካለፈ በኋላ እንዲከፈል ተስማማን። ከዋጋውም አላስቀነስንም። ቱንቢውን ጥሎ ማዕዘኑን ሲለካ እናቴ አጠገቡ ቆማ ታይ ነበር።

በመስከረም ቀሪውን ሊቀበል መጣ። በሩን ከፍቶ ዘጋው፤ እንደገና ከፍቶ ዘጋው። እናቴ ቡና አፈላችለት። "ሌባ" ማለቷን ትታ በስሙ የጠራችውም ያን ዕለት ነው።