የቤት ሰነድ አያያዝ (ጎጃም በረንዳ)

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ መርካቶ ውስጥ በሚገኘው ጎጃም በረንዳ፣ የቤተሰብን ሕጋዊ ወረቀቶች የማደራጀትና የማስቀመጥ ሥራ። ከሁሉ የሚቀድመው የቤት ወረቀት ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ፣ ባለይዞታው ካርታውንና የግብር ደረሰኙን ይይዛል፤ የቀበሌ ቤት ተከራይ ደግሞ ውሉንና የኪራይ ደረሰኞቹን። ተከራዩ አንዲቷንም ደረሰኝ መጣል የለበትም፤ ቤቱ ለመልሶ ማልማት ሲፈለግ ሕጋዊነቱን የሚያስረዳለት ይኸው ወረቀት ነውና።

ቀጥሎ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምስክር ወረቀቶች ይመጣሉ፤ ምዝገባቸው የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ነው። የወላጅ ሞት በጊዜው ካልተመዘገበ የወራሽነት ጉዳይ ፍርድ ቤት ላይ ይጓተታል።

ወረቀት በብዛት የሚቀመጠው በፌስታል ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ነው። ይህ ከዝናብ ፍሳሽ ያድናል፤ ከእሳት ግን አያድንም። ሱቅና መኖሪያ በተጠጋጉበት መርካቶ እሳት የቅርብ ስጋት ነው፤ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ላይ የደረሰው ቃጠሎ ብዙ ንብረት አውድሟል። ስለዚህ ቅጂውን ሌላ ሰፈር ከሚኖር ዘመድ ዘንድ ማስቀመጥ፣ በስልክም ፎቶ አንስቶ መያዝ ያስፈልጋል።