ዮርዳኖስ የተባለው አንበሳ

በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል ዙሪያ የሚታዩትን አናብስትና አናብርት ከልጅነታችሁ ጀምሮ ታውቋቸዋላችሁ። የዛሬው ታሪካችን በቅድስት ሀገር፣ በኢያሪኮ አቅራቢያ በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገዳም የመሠረቱት የአባ ጌራሲሞስና የአንድ አንበሳ ነው። ከገዳሙ አረጋውያን ሰምተው የጻፉልን መነኩሴው ዮሐንስ ሞስኮስ ናቸው።

አባ ጌራሲሞስ በዮርዳኖስ ወንዝ ዳር ሲሄዱ አንበሳ እያነከሰ መጥቶ ያበጠ መዳፉን አሳያቸው። የሸምበቆ ስንጥር ገብቶበት መግል ቋጥሮ ነበር። ተቀምጠው ስንጥሩን አወጡ፤ ቁስሉን አጥበው በጨርቅ አሰሩለት። አንበሳው ከዳነም በኋላ አልተለያቸውም፤ ዳቦና የራሰ ጥራጥሬ እየበላ እንደ ደቀ መዝሙር ተከተላቸው።

ገዳሙ ውኃ የሚያመላልስ አህያ ነበረው፤ በግጦሽ የሚጠብቀውም አንበሳው ነበር። አንድ ቀን ግን ራቅ ባለበት ሰዓት ከዐረብ ምድር የመጣ ግመል ነጂ አህያውን ወሰደው። አንበሳው ራሱን ደፍቶ ብቻውን ተመለሰ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እኒያ ቅዱስ አባት አንበሳው አህያውን የበላው መሰላቸው! የአህያውንም ሥራ እንዲሠራ አዘዙት። አንደበት የሌለው አውሬ፣ ክርኑ ሁሉን መስበር ሲችል፣ ባልሠራው በደል አራት እንስራ ውኃ ይሸከም ጀመር። ብዙዎች ከዚህ ታሪክ ስንጥሩን ብቻ ያስታውሳሉ፤ ፍቅሩ የተፈተነው ግን በእንስራው ነው። ለጸሎት የመጣ አንድ ወታደር አዝኖለት ለአህያ መግዣ ሦስት የወርቅ ሳንቲም ሰጠና ከሸክሙ ዐረፈ።

ኋላ ግመል ነጂው ስንዴ ሊሸጥ ወደ ኢየሩሳሌም ሲያልፍ አንበሳውን አይቶ ሸሸ። አንበሳውም አህያውን ዐወቀው፤ ማሰሪያውን በአፉ ይዞ፣ ከሦስት ግመሎች ጋር በደስታ እያገሣ ወደ አባ አመጣው። «ዮርዳኖስ» የሚል ስም ያወጡለት ያን ጊዜ ነው። (ምዕራባውያን አንበሳን ከቅዱስ ሄሮኒሞስ ጋር የሚሥሉት የሁለቱ አባቶች ስም መመሳሰል አሳስቷቸው ሳይሆን አይቀርም።)

አንበሳው በገዳሙ ከ5 ዓመት በላይ ኖረ። ሞስኮስ ስለ ፍጻሜው ሲጽፉ፣ ነባቢት ነፍስ አለችው ማለታቸው እንዳልሆነ ያስጠነቅቃሉ፤ አራዊት ከውድቀት በፊት ለአዳም እንዴት ይታዘዙ እንደነበር እግዚአብሔር አሳየን ይላሉ።

አባ ጌራሲሞስ ሲያርፉ አንበሳው በገዳሙ አልነበረም። ተመልሶ ይፈልጋቸው ጀመር። ደቀ መዝሙራቸው አባ ሰባትዮስ ማረፋቸውን ነግረው ምግብ ቢያቀርቡለት እምቢ አለ። መነኮሳቱ ጀርባውን እየዳሰሱ ቢያጽናኑት ጩኸቱ በረታ። ወደ መቃብሩ ወሰዱት። አባ ሰባትዮስ ተንበርክከው ሲያለቅሱ ባየ ጊዜ ራሱን ከምድር እያጋጨ አገሣ፤ በዚያው በመቃብሩ ላይ ሞተ።