ንጽሕት ፅንሰት፦ የማን መፀነስ?

በላቲን «ኢማኩላታ ኮንቼፕሲዮ» የሚባለውን የካቶሊክ ትምህርት ስሙን ብቻ የሰማ ብዙ ሰው፣ ጌታ ከድንግል ያለ ዘርዐ ብእሲ መፀነሱን የሚናገር ይመስለዋል። አይደለም። የሚናገረው እመቤታችን ራሷ በእናቷ በሐና ማኅፀን ስለመፀነሷ ነው። ኢያቄምና ሐና እንደማንኛውም ባልና ሚስት ወለዷት። ልዩ የሆነው አፀናነሷ ሳይሆን ከመጀመሪያዋ ቅጽበት ጀምሮ ጥንተ አብሶ ያልነካት መሆኑ ነው።

ጥንተ አብሶ ሲባልም ሕፃኑ ራሱ የሠራው በደል ማለት አይደለም። አዳም ያጣውና ለልጆቹ ሊያወርስ ያልቻለው የጸጋ ሕይወት መጉደል ነው።

ለዚህ ትምህርት «ንጽሕት ፅንሰት» የሚለውን ስም እመርጣለሁ። «ያለ ኃጢአት መፀነስ» ማለት የተለመደ ቢሆንም፣ የሌሎቻችን ወላጆች በቅዱስ ጋብቻቸው ኃጢአት የሠሩ ያስመስላል፤ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ አታስተምርም። «በድንግልና መፅነስ» ከተባለ ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ሌላ ነው። ማብራሪያ ሲያስፈልግ «ያለ ጥንተ አብሶ መፀነስ» ማለት ይበቃል።

ትምህርቱ ያለ ክርክር አልጸናም። በ12ኛው መቶ ዘመን የማርያም ወዳጅ የሚባለው በርናርዶስ ዘክሌርቮ፣ የሊዮን ካህናት የፅንሰቷን በዓል ማክበር ሲጀምሩ በደብዳቤ ገሠጻቸው። ቶማስ አኲናስም ከባድ ጥያቄ አነሣ፤ ጥንተ አብሶ ጨርሶ ካላገኛት ክርስቶስ እንዴት የእርሷም መድኃኒት ይሆናል? መልሱን ያቀናው በ1308 ያረፈው ፍራንቸስካዊው ዮሐንስ ዱንስ ስኮቱስ ነው። ጉድጓድ የገባን ሰው ጎትቶ ማውጣት ማዳን ነው፤ ሊገባ ሲል ቀድሞ መያዝ ደግሞ የበለጠ ማዳን ነው። ማርያም በልጇ ቤዛነት አስቀድማ ተጠብቃለች፤ እንግዲህ ከማንም ይልቅ የዳነች እርሷ ናት። ለእኔ የትምህርቱ ልብ እዚህ ላይ ነው፤ «ተጠበቀች» የሚለውን ቃል ያወጣ ሰው ትምህርቱን ራሱን አውጥቶታል።

ሲክስቶስ 4ኛ በ1476 በዓሉን አጸደቁ፤ የትሬንቶ ጉባኤም በ1546 ስለ ጥንተ አብሶ ሲደነግግ እመቤታችንን በዚያ ድንጋጌ ውስጥ እንዳላካተተ ገለጸ። በመጨረሻ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 9ኛ ዲሴምበር 8 ቀን 1854 (ሁሉም ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው) «ኢኔፋቢሊስ ዴዎስ» በተሰኘው ሰነድ የእምነት አንቀጽ አድርገው አወጁት።

ከሦስት ዓመት ከሦስት ወር ገደማ በኋላ፣ ማርች 25 ቀን 1858፣ በፈረንሳይ ሉርድ የ14 ዓመቷ በርናዴት ሱቢሩ በአንድ ዋሻ የተገለጠችላትን እመቤት ስሟን ጠየቀቻት። እመቤቲቱም በልጅቷ የአገር ቤት ቋንቋ ራሷን «ንጽሕት ፅንሰት» ብላ ጠራች። በርናዴት ትርጉሙን አታውቀውም ነበር፤ እንዳይጠፋባት መንገዱን ሁሉ በቃሏ እየደጋገመች ሄዳ ለደብሩ አለቃ ለአባ ፔይራማል ነገረቻቸው።

የእኛ አገር ምእመን ለፅንሰቷ በዓል እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ነሐሴ 7 ቀን «ጽንሰታ ለማርያም» ብላ ታከብራለች፤ ከዚያ ዘጠኝ ወር ቆጥሮ ግንቦት 1 ልደታ ነው። ካቶሊኮችም ከዲሴምበር 8 ዘጠኝ ወር ቆጥረው ልደቷን ሴፕቴምበር 8 ያከብራሉ። የ1854ቱን ድንጋጌ ግን የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት አልተቀበሉትም፤ ጥንተ አብሶንና እመቤታችንን በሚመለከት በእኛው ሊቃውንት መካከልም ብዙ ተጽፏል፣ ብዙም ተከራክረዋል።

ስለዚህ ተርጓሚዎችና ጋዜጠኞች ሆይ፣ ይህ ስም ሲገጥማችሁ የሚፀነሰው ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ለዩ። በሐና ማኅፀን ያለችው ማርያም ከሆነች፣ «ንጽሕት ፅንሰት» ብላችሁ ጻፉ።